ፌራካር ያካንና ስሙን የነፈጉት ተራራ
(1928 – 2011)

እ.ኤ.አ. በ1947 በረዶው የጀመረው ጃንዋሪ 22 ቀን ነው። ያቆመው በማርች አጋማሽ ነው። በፋዳ ሸለቆ ከነበሩት ስድስት መቶ አርባ በጎች በሕይወት የወጡት ዘጠና አንድ ናቸው። ድርቆሹ በሦስተኛው ሳምንት አለቀ። በጎቹ አንዱ የሌላውን ጸጉር እየነጨ በላ። ከረግረጉ ተቆርጦ የደረቀው ማገዶ ሲያልቅ ሰው የአልጋውን ሳንቃ አነደደ። የአጃ ዱቄት በኩባያ እየተሰፈረ ተበላ። ሁለት ሕፃናትና አንዲት አሮጊት ሞቱ። መሬቱ አልቆፈር ስላለ ሬሳቸው በጎተራ ቆየ።

ሟቹ ታሪካቸው ከዚያ ክረምት እንዲጀመር አዘዋል። በልማዳችን ደግሞ የሰው ታሪክ ከልደቱ ይጀመራል። ስለዚህ ሁለቱም ተጽፏል።

ፌራካር ያካን ከአባታቸው ከያካን ሙራካና ከእናታቸው ከማርሳሊ ኒል፣ በስኮትላንድ ሰሜን ምዕራብ ደጋ፣ በፋዳ ሸለቆ፣ ሜይ 3 ቀን 1928 ተወለዱ። ዲርቫል የምትባል አንዲት ታናሽ እህት ነበረቻቸው።

ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ትምህርት ቤት ገቡ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር። በቤቱ ቋንቋ፣ በጌሊክ፣ ሲናገር የተገኘ ልጅ አንገቱ ላይ ቁራጭ እንጨት ይንጠለጠልበታል። እንጨቱን ከአንገቱ የሚያወርደው ሌላ ልጅ በጌሊክ ሲናገር ሰምቶ ካሳበቀ ነው። ወደ ቤት መሄጃ ሰዓት ሲደርስ እንጨቱ አንገቱ ላይ የተገኘበት ልጅ ይገረፋል። ፌራካር አንድ ቀን እንኳ አልተገረፉም። ይህን ሲናገሩ በኩራት አልነበረም።

እስከ አሥራ አራት ዓመታቸው ተምረው ወጡና ከአባታቸው ጋር በግ ጠበቁ። ከትምህርት ቤቱ በእንግሊዝኛ መጻፍን ይዘው ወጥተዋል። በገዛ ቋንቋቸው ግን ስማቸውን እንኳ መጻፍ አያውቁም ነበር።

አሁን ስለ ተራራው መነገር አለበት። በፋዳ ሸለቆና ከኋላው ባለው በሊር ሸለቆ መካከል ሦስት ጫፎች አሉ። መካከለኛው ከሁሉ የራቀ ነው። ከእኛ በኩል የስድስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ከፋዳ ሆኖ ለሚያየው በሁለቱ ጫፎች መካከል የፈሰሰ አመድ ይመስላል። ስለዚህ በእኛ አፍ ግራጫው ክምር ነው። የሊር ሰዎች የበጋ ግጦሽ ግን ከሥሩ ነበር። ልጃገረዶቻቸው በየዓመቱ ሦስት ወር ከላሞቹ ጋር እዚያ ባሉት የድንጋይ ጎጆዎች ይኖሩ ነበር። ቅቤውም አይቡም የሚሠራው እዚያ ነው።

በአገራችን ተራራን የሚሰይመው ከሥሩ ላም የሚያልበው ሰው ነው። ከሩቅ የሚያየው ለራሱ የፈለገውን ቢለውም፣ እንግዳ ሲጠይቀው የባለቤቶቹን ስም ይናገራል። ይህን የማያውቅ ልጅ በሁለቱም ሸለቆ አልነበረም። ፌራካርም ያውቁ ነበር።

የሊር ሰዎች ተራራውን ሱይ ኦይሪግ ይሉታል። የኦይሪግ መቀመጫ ማለት ነው። ኦይሪግ በጥንት ዘመን፣ ባለርስቱ አብዛኞቹን የሊር ሰዎች ከቤታቸው አስወጥቶ መርከብ ሲያሳፍራቸው፣ አልሄድም ያለች አሮጊት ናት። ከዚያ ጫፍ ላይ ባሕሩም ይታያል፣ ጣሪያቸው የተቃጠለ ቤቶችም ይታያሉ። መርከቡ ከዓይኗ እስኪጠፋ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላም አልወረደችም። ስለዚያ ዘመን በሊር የቀረ ጽሑፍ የለም። ሐውልትም የለም። የቀረው ያ ስም ብቻ ነበር።

በ1947፣ ፌብሩዋሪ 26 ቀን፣ የፌራካር አባት ያካን በጎቻቸውን ፍለጋ ወደ ተራራው ወጡ። በሊር በኩል ነፋሱ በረዶውን ጠርጎ ሣር አውጥቷል የሚል ወሬ ሰምተው ነበር። አልተመለሱም። በአምስተኛው ቀን የሊር ሰዎች ከአንድ የበጋ ጎጆ ግንብ ሥር ተቀምጠው አገኟቸው። የጎጆውን በር ነቅለው በላዩ አጋደሟቸው። ስምንት ሰዎች ሆነው በበረዶ ውስጥ ዘጠኝ ማይል ተሸክመው፣ በሁለተኛው ቀን ፋዳ ከቤታቸው ደጃፍ አደረሷቸው። ከስምንቱ አንዱ ራኑል ይባላሉ። የሠላሳ ዓመት ሰው ነበሩ። ጫማቸው መንገድ ላይ ስለተቀደደ የግራ እግራቸው ጣቶች አምስቱም በብርድ ሞተው ተቆረጡ።

ሬሳ ለተሸከመ ሰው እግዜር ይስጥልኝ አይባልም። የሚከፈለው በትከሻ ነው። ከሊር ሰው ሲሞት የፋዳ ሰዎች ሄደው ይሸከማሉ። እስከዚያ ድረስ ዝም ይባላል። ፌራካርም በአሥራ ስምንት ዓመታቸው በራፋቸው ላይ ቆመው፣ ስምንቱ ሰዎች አንድ ሲኒ ዊስኪ ጠጥተው ሲመለሱ ዝም ብለው አዩ።

ራኑል ግን ዝም የሚሉ ሰው አልነበሩም። በየዓመቱ በኦገስት የግልገል ገበያ በሰው ፊት እያነከሱ ይመጣሉ።

«አንተ የያካን ልጅ፣ አባትህ ከባድ ሰው ነበሩ እኮ! አምስት ጣቴን ይዘው ነው የገቡት። መቃብሩን ስታጸዳ እስቲ ቁጠርልኝ።»

ሰው ይስቃል። ፌራካርም ይስቃሉ።

«መቼ ነው የምትሸከሙን ታዲያ? ወይስ እንዳንረብሽህ በየተራ ቶሎ ቶሎ እንሙትልህ?»

ራኑል ይህን የሚሉት በፍቅር ነበር። የሚያውቋቸው ሁሉ ይህን ይመሰክራሉ። ፌራካር ግን ቀልዱን ከአንዱ ገበያ እስከ ሌላው ገበያ ይዘውት ይከርሙ ነበር። ባለ ውለታቸውን ማየት ጠሉ። ይህ የራሳቸው ቃል ነው።

በ1953 ቤሃግ ዶናልን አገቡ። በ1954 ሴት ልጃቸውን ኡናን፣ በ1957 ወንድ ልጃቸውን ያካንን ወለዱ።

በመካከሉ፣ በ1956፣ ካርታ የሚሠሩ ሰዎች ወደ ደጋው መጡ። ፌራካር በድንክ ፈረሳቸው ዕቃ እየጫኑ ለሦስት ሳምንት መንገድ መሯቸው። የቀያሾቹ አለቃ ወጣት እንግሊዛዊ ነበር። የየቦታውን ስም የሚመዘግብበት መዝገብ ነበረው፤ ከእያንዳንዱ ስም ትይዩ የነገረው ሰው ይፈርማል። ፌራካር የአለቱን፣ የጅረቱን፣ የኩሬውን፣ የጫፉን፣ መቶ ሠላሳ ስምንት ስም ሰጡት። መቶ ሠላሳ ሰባቱ ትክክል ናቸው።

ወደ መካከለኛው ጫፍ ሲደርሱ የግልገሉ ገበያ ካለፈ ገና አሥር ቀኑ ነበር። እንግሊዛዊው ስሙን ጠየቀ።

«ግራጫው ክምር» አሉ።

«በዚያኛው ወገን ያሉትስ ምን ይሉታል?»

«ሌላ ስም የለውም።»

ፈረሙ። ከዚያ ተቀምጠው ዳቦና አይብ በሉ። ከተቀመጡበት የሊር ቤቶች ጢስ ይታይ ነበር። ወርዶ አንድ ሰው ለመጠየቅ ሁለት ሰዓት ይበቃል። እንግሊዛዊው አልወረደም። የሚያምነው ሰው አጠገቡ ነበር።

በ1960 ፌራካር የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ሆነው ተመረጡ። በዓመቱ ካርታው ታትሞ ወጣና በፖስታ ቤቱ ሱቅ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ሁለቱም ሸለቆዎች የሚገበያዩት በዚያ ሱቅ ነው። ራኑል ዱላቸውን ተደግፈው ጣታቸውን በካርታው ላይ አስኬዱ።

«ኦይሪግ የት ሄደች? መርከብ ያላስነሳትን ሴት ይኼ ወረቀት አስነሳት?»

«እንግሊዙ ነዋ!» አለች ባለሱቋ፤ «ምን ያውቃል እሱ?»

ራኑል ዘወር ብለው ትምባሆ ሊገዙ የቆሙትን ፌራካርን አዩ። «አንተ አብረኸው ነበርክ አይደል? እንዴት ያለ ሰው ነው?»

«ሰነፍ ሰው ነበር» አሉ ፌራካር።

በ1965 ባለርስቱ የሊርን የኪራይ ውል አላድስም አለ። መሬቱ ለአጋዘን አደን ተፈለገ። የቀሩት አራት ቤተሰቦች ወደ ወደቡ ከተማ ወረዱ። የራኑል ቤተሰብ አንዱ ነው። በሊር ጢስ ጠፋ።

በ1968 ኦክቶበር የራኑል ልጅ አላን፣ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት፣ ከአንድ የሊር ጓደኛው ጋር የባለርስቱን በጎች ለመሰብሰብ ተቀጥሮ ወጣ። ከመካከለኛው ጫፍ ሥር ወድቆ ጭኑ ተሰበረ። ጓደኛው ሦስት ሰዓት ሮጦ ወደ ሕዝብ ስልኩ ደረሰና «የኦይሪግ መቀመጫ ሥር ነው» ብሎ ደወለ። ሌላ ስም አያውቅለትም። ከዚያ ብርድ ልብስ ለምኖ ወደ አላን ተመለሰ። ብቻውን ሊተወው አልፈለገም።

ስልኩን የተቀበለው ሰው የተባለውን በትክክል ጽፏል። ከከተማ የመጡት ሃያ ሰዎች ካርታቸውን ዘረጉ። እንዲህ የሚባል ተራራ የለም። ወደ ምዕራብ አሥራ አንድ ማይል ላይ ግን መቀመጫው የሚባል ሸንተረር በካርታው አለ። እሱ ነው አሉና ወደዚያ ሄዱ።

ፌራካር ያን ቀን በግ ሊሸጡ ከተማ ውለዋል። ከአውቶቡስ ሲወርዱ አላን ከኦይሪግ መቀመጫ ሥር መውደቁንና ፈላጊዎች መሄዳቸውን ባለሱቋ ነገረቻቸው።

«ወዴት ሄዱ አልሽኝ?»

«ወደ መቀመጫው ነዋ። ምነው ፊትህ ነጣ?»

«ደውዪ። ግራጫው ክምር ነው በያቸው። አሁን ደውዪ!»

ራሳቸው ወዲያው ወጡ። ከፈላጊዎቹ ቀድመው ደረሱ። ከአላን ሞት ግን ዘገዩ። ጓደኛው ካፖርቱን አልብሶት አጠገቡ ተቀምጦ ነበር።

«ሰዎቹ የት ናቸው?» አላቸው።

«ካርታው ላይ የለም» አሉት። ማን እንዳጠፋው አልነገሩትም።

የአላንን ሣጥን የሊር ሰዎች ራሳቸው ተሸከሙ። በቀብሩ ላይ ፌራካር ከሽማግሌዎቹ ጋር ፊት ለፊት ተቀመጡ። መዝሙረ ዳዊቱን አብረው ዘመሩ። የነገሩት ለባለቤታቸው ብቻ ነው። ቤሃግ አምስት ወር አላናገረቻቸውም። በስድስተኛው ወር «ሂድና ንገራቸው» አለቻቸው። በ1969 ጸደይ ወደ ወደቡ ወርደው ለራኑል ነገሩ።

ራኑል በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው ነበር።

«አውቄዋለሁ» አሉ። «እንግሊዙ ቢሳሳት ኖሮ አሥር ቦታ ይሳሳት ነበር። የተሳሳተው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ያም የኛ ነው። ይኼንን የሚያውቅበት የአገር ልጅ ብቻ ነው።»

«ምን ላድርግልዎ?»

«ምን ታደርግልኛለህ? ልጄን ታወርድልኛለህ?»

ራኑል ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«ስሟን መልስ። እንደወሰድከው አድርገህ መልስ፤ በወረቀት። እስክትመልስ ድረስ የኔን ሣጥን እንዳትነካ። ትከሻህን አልፈልገውም። ሰማህ? ሒድ በል አሁን።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፌራካር ለካርታው መሥሪያ ቤት ይጽፉ ነበር። ቤሃግ እንግሊዝኛውን ታቃናላቸዋለች። የመጀመሪያው መልስ በመዝገቡ ላይ ሌላ ስም የለውም የሚል የታማኝ ሰው ፊርማ እንዳለ የሚገልጽ ነበር። ፌራካር፣ ፊርማው የኔ ነው፤ ውሸት ነበር፣ ብለው ጻፉ። ሁለተኛው መልስ፣ መዋሸቱን ያመነ ምስክር እንደገና ምስክር ሊሆን አይችልም የሚል ነው። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ጊዜ ጽፈዋል። አምስቱ መልስ አላገኙም። በሃምሳ ዓመታቸው የማታ ትምህርት ገብተው በጌሊክ መጻፍ ተማሩ። ምክንያቱን ሲጠየቁ አንድ ስም መጻፍ አለብኝ ይሉ ነበር።

በ1989 ራኑል ሞቱ። በሊር አሮጌ መቃብር ከልጃቸው አጠገብ መቀበር ፈልገው ነበር። እዚያ መኪና አይደርስም። ከሊር የቀረ ተሸካሚ ስላልነበረ ስምንት የፋዳ ሰዎች ዘጠኙን ማይል ሊሸከሙ መጡ። አርባ ሁለት ዓመት የቆየው የትከሻ ውለታ ያን ቀን ተመለሰ። ፌራካርም መጥተው ሣጥኑ አጠገብ ቆሙ። የራኑል ሴት ልጅ ሾናግ ወጣች።

«እርስዎ ከኋላ ይምጡ» አለች። «ቃሉ የአባቴ ነው።»

ከኋላ ሄዱ። ከመንገዱ አጋማሽ ላይ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ቁርጭምጭሚቱ ዞረና ተቀመጠ። ሣጥኑ ዘመመ። ፌራካር ፈጥነው ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ሄዱ። ሾናግ ዞር ብላ አየቻቸው። ሁለቱን እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሱ። የቀረውን መንገድ ሰባት ሰዎች ተሸከሙ። በሸለቆው ብዙ ሰው ያን ቀን ፌራካር አሟቸው ነው ብሎ ያምን ነበር። ዛሬ ምክንያቱን ይሰማል።

ባለቤታቸው ቤሃግ በ2004 ዐረፈች።

በ2009 ከካርታው መሥሪያ ቤት አዲስ ሰው መልስ ጻፈላቸው። ስሙ በታተመ ጽሑፍ ላይ ከወጣ፣ የመጀመሪያው ምስክርነት ለምን እንደተሳሳተም በዚያው ከተብራራና የአገሩ ሰዎች ከመሰከሩበት፣ ለሚቀጥለው ካርታ ይታያል ይላል። ከአርባ ዓመት በኋላ በሩ ተከፈተ። ፌራካር ግን አልገቡም። ማተም ማለት ውሸቱን በቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ ፊት ማውጣት ነው። ሽማግሌነታቸው ይቀራል፤ ከቅዱስ ቁርባኑ ማዕድ ይነሣሉ። ደብዳቤውን በመጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አስቀመጡት። ሁለት ዓመት በየእሑዱ ይዘውት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ፤ ይዘውት ተመለሱ። ይህም ሳይቀነስ እንዲጻፍ ያዘዙት እሳቸው ናቸው።

በዚህ ዓመት ጁን ወር የጉበት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ሐኪም ቤት አልተኛም አሉ። በሴፕቴምበር የእህታቸውን ባል አስጠርተው ደብዳቤውን ከመጽሐፍ ቅዱሱ አወጡ።

«የሕይወት ታሪኬን የምትጽፈው አንተ ነህ አይደል?»

«ከፈለግክ።»

«እንዳታሳምረው። የካርታው ሰዎች የፈለጉትን ሁሉ አግባበት። ቀብሬ ላይ የሚታደለው ወረቀትም የታተመ ጽሑፍ ነው።»

«በቁምህ ብታደርገው ይሻል ነበር።»

«ይሻል ነበር» አሉ። «ድፍረቱን አላገኘሁም። ይኼንንም ጻፈው።»

ፌራካር ያካን በተወለዱ በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው እሑድ ኦክቶበር 9 ቀን 2011 በቤታቸው ዐረፉ። በሕይወት የቀሩት ልጆቻቸው ኡናና ያካን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና እህታቸው ዲርቫል ናቸው። ስለ ቸርነታቸው፣ በበረዶ ጊዜ ስለ ሰው በጎች ስለ መድከማቸው የሚናገሩ ብዙ ናቸው። እውነት ነው። ግን ሌላ ሰው ይጻፈው።

ተራራው የኦይሪግ መቀመጫ ነው። በሊር ሰዎች ዘንድ ሌላ ስም ኖሮት አያውቅም። ከዚህ በታች የፋዳ ሸለቆ አሥራ አራት ነዋሪዎች ፈርመዋል። የተራራው ስም የታተመበት የመጀመሪያው ወረቀት አሁን በእጃችሁ ያለው ነው።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ለሞተ ሰው አይጸለይም። ስለዚህ ይህን ብቻ እንላለን፦ ሁሉን በስሙ የሚጠራ አምላክ ፌራካርንም በስማቸው ይጥራቸው።

ሣጥኑ እንደ ወጉ በስምንት ገመድ ይወርዳል። አንደኛው፣ በራስጌ በኩል ያለው፣ የልጃቸው የያካን ነው። ሁለተኛው፣ በግርጌ በኩል ያለው፣ በሟቹ ትእዛዝ ያዡ ሳይጻፍ ቀርቶ ነበር። «ሾናግ አንብባ ራሷ ትወስን፤ እንዳትለምኗት» ብለዋል። በአገራችን ሴት ገመድ ይዛ አታውቅም።

ሾናግ ማክሰኞ ዕለት ከወደቡ መጣች። ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀምጣ ይህን ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ ቡራኬው አነበበች።

«አላን ሃያ ሁለት ተብሏል። ሃያ ሦስት ነው። አርሙት።»

ታርሟል።

«ለካርታው መሥሪያ ቤት ስንት ትልካላችሁ?»

«ሁለት።»

«ሦስት ላኩ። አንዱን ይጥሉታል።»

ከዚያ ብዕር ጠየቀች። በገመዶቹ ዝርዝር በቁጥር ሁለት ትይዩ በራሷ እጅ ጻፈች። እንደጻፈችው ታትሟል፦

2. ሾናግ ራኑል፣ ከሊር፣ ከኦይሪግ መቀመጫ ሥር።